ራስ ደጀን ለእንቁጣጣሽ? በአራት ቀን አይሆንም

ጥያቄ፦ «አምስት ጓደኛሞች ነን። አራታችን የአዲስ አበባ ልጆች ነን፤ አንዱ ለአዲስ ዓመት ከዋሽንግተን የሚመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። እንቁጣጣሽን ሰሜን ተራሮች ላይ ማክበር አምሮናል። ያለን አራት ቀን ነው። ጎንደር በአውሮፕላን ገብተን በዚያው ቀን በመኪና ጨነቅ ካምፕ ማደር፣ በማግስቱ ራስ ደጀን ወጥተን መመለስ አስበናል። ዝናቡ ጳጉሜ ላይ ስለሚያባራ ብዙ አያሰጋንም። እኛ አበሾች ስለሆንን ከፍታው አይከብደንም፤ የምንሰጋው ለአክስቴ ልጅ ነው። ስካውት (የፓርኩ አጃቢ ጠባቂ) መያዝ የግድ ነው ወይስ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው? ድሮን ብንይዝስ? የዋዜማው ማታ ካምፕ ላይ ችቦ ማብራትስ ይቻላል?»

ምላሽ፦

በዚህ እቅድ አትሂዱ። ከካርታው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ጨነቅና ራስ ደጀን በፎቶ ሲታዩ ጎረቤት ይመስላሉ። መሃላቸው ግን ትልቅ ሸለቆ አለ። ጨነቅ ካምፕ 3,620 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ቧሂት በር ትወጣላችሁ፤ 4,200 ሜትር አካባቢ ነው። የወጣችሁትን ሁሉ፣ ከዚያም በላይ፣ መልሳችሁ ትወርዱታላችሁ፤ እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ፣ 2,800 ሜትር ገደማ። ወንዙን ተሻግራችሁ እንደገና ዳገት ትጀምሩና አምቢቆ መንደር ታድራላችሁ። ራስ ደጀን ገና አልተነካም። የሚወጣው በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ነው። ከአምቢቆ 3,200 ሜትር ተነስቶ 4,533 ሜትር ደርሶ መመለስ አየሩ ደህና ሆኖ እንኳ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይፈጃል። (የድሮ መጽሐፍ 4,620 ሜትር ይላል። ካምፕ ላይ በዚህ የሚከራከር ሰው አይጠፋም፤ ተዉት፤ ትንፋሻችሁን ለዳገቱ አቆዩ።) ከዚያ ወደ ጨነቅ መመለሻው ያው ቁልቁለትና ዳገት ነው። በእግር ከጨነቅ ተነስቶ ጨነቅ ለመመለስ ሦስት ቀን ያስፈልጋል።

«በመኪና እናሳጥረዋለን» የሚላችሁ አስጎብኚ ታገኙ ይሆናል። መኪና መንገዱ ቧሂትን ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ስለሚዘልቅ ሰውዬው አልዋሸም። ግን መኪና የሚያሳርፈው እግርን ነው፤ ሳንባን አይደለም። እንዲያውም በእግር የሚሄድ ሰው ሳይወድ በግዱ ቀስ ይላል፤ ሰውነቱም ይለምዳል። በመኪና የወጣው ግን ግማሽ ቀን ሳይሞላ ከጎንደር 2,100 ሜትር ወደ 4,000 ይወረወራል። በዚያ ላይ በክረምት ያ ጠጠር መንገድ ጭቃ ነው። አፈር ተንዶ ሲዘጋው ወዲያ ማዶ የቀረ ሰው እስኪጠረግ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ከፍታው። «አበሻ ስለሆንን» የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ከፊሉ እውነት አለው። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ተመርምሮ የኦክስጅን መጠናቸው ዝቅ ያለ ቦታ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራርቦ ተገኝቷል። ይህ ግን እዚያ ተወልዶ እዚያ ያደገው፣ አያት ቅድመ አያቱም እዚያ የኖሩት የገበሬ ልጅ ነገር ነው። ቦሌ ኮንዶሚኒየም ያደገ ሰው መታወቂያው ላይ ያለው ዜግነት ከራስ ምታት አያድነውም። የእናንተ ትርፍ ሌላ ነው፤ ወደ 2,400 ሜትር የሚጠጋ ከተማ ውስጥ ትኖራላችሁ። ከባሕር ጠለል አጠገብ ካለችው ዋሽንግተን ከሚመጣው የአክስትህ ልጅ በዚህ ትቀድማላችሁ። ያም ሆኖ በአንድ ቀን ከ2,400 ወደ 3,620 ሄዶ ማደር 1,200 ሜትር መዝለል ነው። የተለመደው ደንብ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኙበት ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር የሚል ነው። ዋናው የመኝታው ከፍታ ነው። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት እንዲያውም ይጠቅማል።

አንድ ሌላ ስህተት ልጨምር። ጂም የሚሠራው፣ ሩጫ የሚሮጠው ልጅ አይታመምም ብላችሁ አታስቡ። ጥንካሬ ከከፍታ ሕመም አይከላከልም። ጎበዙ ልጅ ከፊት ፊት ስለሚፈጥን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው።

ምልክቱ ቀላል ነው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት። ራስ ምታቱን ፓራሲታሞል ያስታግሰዋል። ይህ ግን ወደ ላይ ለመቀጠል ፈቃድ አይደለም። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ከዚያ በላይ ወጥታችሁ አታድሩ። የሚያስፈራው ቀጥሎ ያለው ነው። አንዱ ነገር ሲያምታታው ወይም እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ ካያችሁት መሬት ላይ በዱላ ቀጥ ያለ መስመር ጫሩለት። ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያገጠመ በመስመሩ ላይ ይሂድ። ካቃተው አንጎሉ ውኃ መቋጠር ጀምሯል ብላችሁ ውሰዱት። ቁጭ ብሎም የሚያለከልክ፣ የሚያስለው፣ አክታው አረፋ ያለው ወይም ሮዝ የሆነ ሰው ደግሞ ሳንባው ነው የተነካው። ለሁለቱም መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ አሁኑኑ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሰው ደግፎት ወይም በበቅሎ። «ሲነጋ እናየዋለን» እዚህ ላይ አይሠራም። ሄሊኮፕተር ጠርተን ይመጣል የሚል ሐሳብ ካለም አውጡት። የምትደርሱበት ሐኪም ደባርቅ (የፓርኩ መግቢያ ከተማ) ወይም ጎንደር ነው፤ እዚያ የምታደርሳችሁ መጀመሪያ በቅሎ፣ ቀጥሎ መኪና ነው። ስለዚህ ጓዝ ከሚጭነው በቅሎ ሌላ አንድ ባዶ በቅሎ ተከራዩ። እንደ ቅንጦት አትዩት።

ዳያሞክስ የሚባለው የከፍታ ሕመም መከላከያ ክኒን ለአክስትህ ልጅ ሊጠቅመው ይችላል። ግን ከመነሳቱ በፊት እዚያው ሐኪሙን ይጠይቅ። ሰልፋ አለርጂ ያለበትና ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከፋርማሲ ገዝቶ ዝም ብሎ የሚውጠው አይደለም።

ወደ ዝናቡ ልሂድ። ጳጉሜ ላይ የሚያባራው በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ተራራው ላይ ዝናቡ መስከረምን ይዘልቃል፤ አንዳንድ ዓመት ጥቅምት መግቢያ ድረስ ይጎተታል። ጠዋት ጠርቶ ያታልላችኋል፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሳል፣ ቀጥሎ ካፊያው፣ ቀጥሎ በረዶው።

ብርዱን በሒሳብ እናስላው። በእያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት ሙቀቱ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። ስለዚህ ጨነቅ ከአዲስ አበባ በ8 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ራስ ደጀን ጫፍ በ14 ዲግሪ። ይህ ነፋሱን ሳይጨምር ነው። ሰው የሚሞተው ግን በብርዱ ብቻ አይደለም፤ እርጥበትና ነፋስ ሲደመሩበት ነው። ጋቢ ይዤ እወጣለሁ የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። ደረቅ ጋቢ ለማታ እሳት ዳር አንደኛ ነው። ዝናብ ያገኘው ጋቢ ግን ጥጥ ነው። ውኃውን ይጠጣል፣ ትከሻ ላይ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ እስከ ማግስቱም አይደርቅም። በጂንስና በጥጥ ካናቴራ ላይም ያው ነው። ከሥር ሰው ሠራሽ ጨርቅ ወይም ሱፍ፣ በላዩ ፍሊስ፣ ከሁሉም በላይ ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ልበሱ። ሰልባጅ ተራ ብትዞሩ በደህና ዋጋ ታገኛላችሁ። የመኝታ ልብሳችሁንና አንድ ጥንድ ካልሲ በወፍራም ፌስታል ጠቅልላችሁ አስሩት። ምንም ቢመጣ ቀን እንዳትፈቱት።

ሰው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቁሙ። እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ ከነፋስ ከልሉት፣ በሶ በሙቅ ውኃና በስኳር በጥብጡለት። በሶ ከየትኛውም የፈረንጅ ቸኮሌት ይሻላል፤ ማብሰል አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ቶሎ ጉልበት ይሰጣል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ካቆመና መደንዘዝ ከጀመረ ግን ነገሩ ከፍቷል፤ ሳትዘገዩ አውርዱት። አረቄ ያሞቃል የሚለውን አትስሙ። ቆዳን ያሞቅና የውስጡን ሙቀት ያወጣዋል፤ ከፍታው የሚያመጣውንም ራስ ምታት ያባብሰዋል። በዓል ስለሆነ ደባርቅ ላይ ጠላም አረቄም ይቀርብላችኋል። አመስግናችሁ ለመመለሻ አቆዩት።

ጉም ሲወርድ ሌላው አደጋ ገደሉ ነው። እመት ጎጎ የሚባለው የገደል አናት ላይ እንደ ቆማችሁ አስቡ። ሦስቱ አቅጣጫ ገደል ነው። ጓሳው (የደጋው ረጅም ሣር) እስከ ጠርዙ ድረስ ስለሚበቅል መሬቱ ያለቀበት ቦታ አይታይም። እርጥብ ጓሳ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከጠርዝ ቢያንስ አምስት እርምጃ ራቁ፤ ወደ ኋላ እየሄዱ ሰልፊ አይነሳም።

መብረቅ ካያችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሠላሳ ሳትቆጥሩ ከሰማችሁት ከጋራው ጫፍ ውረዱ። ሜዳ ላይ ለብቻው በቆመ ጅብራ ወይም ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ወንዝም አለ፤ መሸሃ ከላዩ ሲዘንብ በግማሽ ሰዓት መልኩ ይለወጣል። ከጉልበት በላይ የሆነ ድፍርስ ውኃ አትግቡ። ጠብቁት፤ ይጎድላል።

ስካውቱ የግድ ነው። ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያ ስትከፍሉ ይመደብላችኋል። ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው ካላችሁ፣ አዎ፣ ገንዘቡ የአካባቢው ሰው ኪስ ይገባል፤ መግባቱም ተገቢ ነው። ከብት ማሰማሪያውን ተው፣ እንጨቱን አትቁረጥ የተባለ ሰው ከፓርኩ ካልተጠቀመ ፓርኩን ለምን ይጠብቃል? ነገር ግን ስካውትና አስጎብኚ አንድ እንዳልሆኑ እወቁ። ስካውቱ መንገዱንና ሰዉን ያውቃል። ስለ ከፍታ ሕመም የሠለጠነ አስጎብኚ ሌላ ሰው ነው፤ ለእናንተ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ስካውቱ «ይህ ደመና አያምርም፣ እንመለስ» ካለ አትከራከሩት። የሚተኛበትና የሚበላው እንዳለውም ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ቆሎና አንድ ጋቢ ይዘው ነው የሚመጡት። ምግብ ስትገዙ እሱንና በቅሎ ነጂዎቹን ቁጠሯቸው። የድሮ ጽሑፍ አንብባችሁ ግጭ መንደር ቡና እንጠጣለን፣ እንቁላል እንገዛለን ካላችሁ ደግሞ መንደሩ የለም። ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። የምትበሉትን ሁሉ ከደባርቅ ያዙ። የምንጭ ውኃ ከገነፈለ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይፍላ።

ጥያቄያችሁ ውስጥ ያልገባው ትልቁ ነገር የጸጥታው ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገዱ ዛሬ ክፍት ቢሆን ነገ ሊዘጋ ይችላል። አደጋው ካምፑ ሳይሆን መንገዱ ነው፤ እገታም ተኩስም ያለው መኪና መንገድ ላይ ነው። ደባርቅ ያለ አስጎብኚና ጎንደር ያለ ሹፌር ለየብቻ ደውላችሁ ጠይቁ። ከመነሳታችሁ አንድ ሳምንት በፊት አንዴ፣ በዋዜማው አንዴ። ሁለቱም «ኑ» ካላሉ አትሂዱ። አንዱ ካመነታም አትሂዱ። ከአዲስ አበባ በመኪና አትሞክሩት። ከጎንደር በኋላም ከመሸ በመንገድ ላይ አትገኙ። የአክስትህ ልጅ የጉዞ ኢንሹራንሱን ውል ያንብብ፤ የአሜሪካ መንግሥት «አትሂዱ» ባለበት ቦታ ለሚደርስ ነገር የማይከፍሉ ብዙ ናቸው።

ድሮኑን እቤት ተዉት። ያለ መንግሥት ፈቃድ አገር ውስጥ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም። ፈቃዱ ቢኖራችሁ እንኳ ድሮን ሰው በሚገድልበት አካባቢ ሰማይ ላይ ጥዝዝ የሚል ነገር መልቀቅ ለእናንተም አደጋ ነው፣ ለገበሬውም ድንጋጤ ነው። ቀረጻው ይቅርባችሁ።

ችቦም አይሆንም። በዓሉን እንዳታከብሩ አይደለም። ካምፕ አካባቢ የሚቃጠለው እንጨት አስታ ነው፤ በዚያ ብርድ ለማደግ ዓመታት ይፈጅበታል። እርጥብ ወቅት ነው፣ እሳት አይዛመትም ትሉ ይሆናል። እሺ፤ ግን የእናንተን የእሳት ቦታ ያየ የበጋ ጎብኚም ያነዳል፤ ያኔ ጓሳው ደርቋል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ ሲነድ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ከእስራኤል ድረስ መጥተው ነበር። ምግብ በጋዝ ምድጃ አብስሉ። ችቦውን ደባርቅ ከተማ ውስጥ ከሰፈሩ ሰው ጋር አብሩት፤ «እዮሃ አበባዬ» ከብዙ ሰው ጋር ሲሆን ያምራል።

ጭላዳዎቹ ሰው ለምደዋል፤ አጠገባችሁ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ሙዝና ብስኩት አትስጧቸው። የሰው ምግብ የለመደ ጭላዳ ከካምፕ መዝረፍ፣ ከገበሬው ጋር መጣላት ይጀምራል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ጭላዳው ነው። ዋልያ ካያችሁ ቁሙና ይለፍ። ከዚህ ተራራ ሌላ በየትም አገር የለም፤ ቁጥሩም ተመናምኗል። ፓርኩ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ የቆየው በከብት ግጦሽና በዋልያ መመናመን ምክንያት ጭምር ነው። ሶፍታችሁንም ይዛችሁ ውጡ፤ ብርዱ ቶሎ እንዲበሰብስ አያደርገውም።

ታዲያ ምን አድርጉ? ጉዞውን ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ አድርጉት። ዝናቡ ይወጣል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው። ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን ደህና የመኝታ ከረጢት ያዙ። ስድስት ቀን ፈልጉ፣ ራስ ደጀንን ግን በዚህ ጉዞ አትሞክሩት። አንድ ሌሊት ደባርቅ፣ አንድ ሌሊት ሳንቃበር ካምፕ፣ በመንገዳችሁ የጅንባርን ፏፏቴ እያያችሁ ግጭ ካምፕ፣ ከግጭ እመት ጎጎን ወጥታችሁ ጨነቅ። ከጨነቅ ጓዝ ሳትይዙ ቧሂትን ወጥታችሁ ተመለሱ፤ 4,430 ሜትር ነው፣ ከራስ ደጀን የሚያንሰው በመቶ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዋልያ የማየት ዕድላችሁም ከራስ ደጀን ይልቅ ጨነቅ ላይ ይሻላል። ራስ ደጀን ካልወጣን ካላችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን ጨምሩ።

በጥቅምት መንገዱ ካልተከፈተ ባሌን አስቡ። የሳነቲ አምባና 4,377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱ እዚያ ናቸው፤ ቀይ ቀበሮም በብዛት ያለው እዚያ ነው። የከፍታው ደንብ አይለወጥም። መንገዱንም እንደዚሁ ደውላችሁ አረጋግጡ። ለእንቁጣጣሹ ሰሞን ደግሞ የአክስትህን ልጅ እንጦጦ ይዛችሁት ውጡ። እዚያ ሲያለከልክ ታዩታላችሁ፤ ሰውነቱም በዚያው መልመድ ይጀምራል።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመነሳታችሁ በፊት በአንድ ነገር ተስማሙ፦ የመመለሻ ሰዓት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት የትም እንሁን የት ፊታችንን እናዞራለን በሉ። ጫፉ ሃምሳ እርምጃ ቢቀረውም። ሰዓቱን ለአስጎብኚውና ለስካውቱ ንገሯቸው፤ «ትንሽ ብቻ» ብላችሁ ስትለምኗቸው እምቢ እንዲሏችሁም ከወዲሁ ፈቃድ ስጧቸው።